«የማንም ሊሆን ይችላል» ለተባለው የአልበም ሽፋን

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ዓመት የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ ነኝ። የኮርስ ሥራችን በምናባችን አንድ የፖፕ ድምፃዊ ፈጥረን ለአልበሙ የፊትና የጀርባ ሽፋን፣ የሲዲ ገጽና ለኢንተርኔት የሚሆን ምሥል ማዘጋጀት ነው። ድምፃዊቷን ጸዳል ብያታለሁ። ሦስት ረቂቅ ሠርቻለሁ። አንደኛው ወይን ጠጅና ሮዝ መብራት የበራበት የፊት ምሥል ነው፤ ሁለተኛው ጓደኛዬ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ዙሪያዋን ጥለት ከቧት የሚያሳይ ነው፤ ሦስተኛው ማታ በታክሲ መስኮት የምትታይ ልጅ ናት። መምህሬ ሦስቱንም አይተው «ሥራው ንጹሕ ነው፤ ግን የማንም ሊሆን ይችላል» አሉኝ። የጎደለኝ ቀለም ነው ወይስ ፊደል? በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምሥል ብሠራስ? መጠኑስ ስንት ይሁን? ለማስረከብ አራት ሳምንት ቀርቶኛል። (ተማሪዋ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መምህርሽ ትክክል ናቸው፤ አስተያየታቸውም ሊያስከፋሽ አይገባም። የጎደለሽ ቀለምም ፊደልም አይደለም፤ የጎደለችው ራሷ ጸዳል ናት። ስም አውጥተሽላታል፣ መልክም ሰጥተሻታል፤ ዘፈን ግን አልሰጠሻትም። ምን እንደምትዘፍን ያልታወቀች ድምፃዊት ሽፋኗ የማንም ቢሆን አያስገርምም።

ለእውነተኛ ድምፃዊ ስንሠራ ነገሩ ከሥዕል አይጀምርም። ገና ያላለቀ ቅጂ በስልክ ይላክልናል። ድምፃዊው ቁጭ ብሎ ስለ ዘፈኖቹ ያወራል፤ የትኛውን ለማን እንደዘፈነው፣ የትኛው በስንት ጭቅጭቅ አልበሙ ውስጥ እንደገባ። አሳታሚው ሥራው ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ መድረስ እንዳለበት ይነግረናል። ከዚያ የመጀመሪያውን ረቂቅ ስናቀርብ «ይህ እኔን አይመስልም» የሚል መልስ ይመጣል። ወጣት ዲዛይነሮች በዚህ «አይሆንም» ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ ነገር ግን ሽፋኑን ሽፋን የሚያደርገው እሱ ነው። ምናባዊት ድምፃዊ ያቀረብሽላትን ሁሉ ትቀበላለች፤ ወይን ጠጅ ብትያት እሺ፣ ጥለት ብትያት እሺ። የዚህ ኮርስ ከባዱ ነገር ሶፍትዌሩ ሳይሆን ይህ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ ጸዳልን «አይሆንም» ለማለት የምትችል ሰው ማድረግ ነው።

ለዚህ ዘወትር የማነሳው ምሳሌ አሜሪካዊው ሪድ ማይልስ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ብሉ ኖት ለተባለው የጃዝ አሳታሚ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሽፋኖችን ሠርቷል፤ እስከ ዛሬም የዲዛይን ተማሪዎች ያጠኗቸዋል። ማይልስ የጃዝ አፍቃሪ አልነበረም፤ የሚወደው ክላሲካል ሙዚቃ ነበር። ታዲያ ሽፋኖቹ ሙዚቃውን እንዲህ የመሰሉት እንዴት ነው ብትይ፣ ከአሳታሚው መሥራቾች አንዱ የነበረው አልፍሬድ ላየን የእያንዳንዱን ሥራ መንፈስ ይነግረው ነበር፤ ፍራንሲስ ቮልፍ ደግሞ ቀረጻው ሲካሄድ ሙዚቀኞቹን ፎቶ ያነሳቸው ነበር። ማይልስ እጅ ላይ የነበረው የሰው ምስክርነት፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ወይም ከሁለት ቀለም በላይ የማያሳትም በጀት ነው። እነዚህን የመሰሉ ጥብቅ ገደቦች ናቸው እጁን የመሩት። አንቺ የሚነግርሽ ላየን የለሽም፤ የእሱንም ድርሻ አንቺው ትሠሪዋለሽ ማለት ነው።

እንግዲህ ኮምፒውተሩን ዝጊና የዘፈኖቹን ዝርዝር ጻፊ። የአገራችን አልበም ብዙውን ጊዜ ከአሥር በላይ ዘፈኖች ይይዛል፤ በየዘፈኑም ሥር የግጥሙ፣ የዜማውና የቅንብሩ ባለቤት ይጠቀሳል። ለእያንዳንዱ ዘፈን ርእስና ርዝመት ስጪው። ለጭፈራ ነው ወይስ ለብቻ የሚደመጥ? ቅኝቱ ትዝታ ነው፣ ባቲ ነው ወይስ ከኛ ቅኝት የወጣ? ከበሮው በማሽን የተሠራ ነው ወይስ ባንድ ገብቶበታል? ለሁለቱ ወይም ለሦስቱ ዘፈኖች አዝማች ጻፊ። ግጥሙ ለመድረክ የሚበቃ መሆን የለበትም፤ የሚፈለገው ጸዳል በምን ቃል እንደምትናገር እንድትሰሚ ነው። ይህን ስትጨርሺ የማታውቂያት የነበረች ሴት መናገር ትጀምራለች።

ከሦስተኛው ረቂቅሽ ተነስቼ አንድ መንገድ ላሳይሽ። ጸዳል አዳማ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን አዲስ አበባ አንድ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት እንበል። የአልበሙ ርእስ «ከሥራ መልስ» ነው። አሥራ አንዱም ዘፈኖች የሚያልፉት ፋርማሲው ከተዘጋ በኋላ ቤቷ እስክትደርስ ባለው ሰዓት ውስጥ ነው። በአንዱ የታክሲ ሰልፍ ላይ በየቀኑ ስለምታየውና ስሙን ስለማታውቀው ሰው ትዘፍናለች። በሌላው ለእናቷ ልትደውል ስልኩን አውጥታ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ሰባቱ ሞቅ ያሉ፣ ታክሲ ውስጥ ራስ የሚያስነቀንቁ ናቸው፤ ሦስቱ ቀዝቀዝ ይላሉ፤ የመጨረሻው በትዝታ ቅኝት ነው። ይህ የእኔ ፈጠራ ነው፤ አንቺ የራስሽን ትፈጥሪያለሽ። ነገር ግን ረቂቆችሽን አሁን ለዚህች ሴት ብናሳያት ምን እንደምትል ተመልከቺ።

የመጀመሪያውን፣ ወይን ጠጅና ሮዝ መብራት ያለበትን፣ አትቀበለውም። እንዲህ ያለ መብራት ያለበት ቦታ አንድም ዘፈኗ ውስጥ የለም። ሆኖም ከዚህ ረቂቅ የምትተርፍ አንዲት ነገር አለች። የፖፕ ሽፋን በመጀመሪያ እይታ ፖፕ መምሰል አለበት፤ ደማቅ፣ ግልጽ፣ ከሩቅ የሚጠራ። ጭጋጋማና ድብቅ ሽፋን ለሌላ ዓይነት ሙዚቃ ያምራል። አድማጭ ጣቱን ከማሳረፉ በፊት ምን ዓይነት ዘፈን እንደሚጠብቀው ማወቅ ይፈልጋል፤ ቀጥሎ የማን እንደሆነ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ረቂቅሽ የፊተኛውን ጥያቄ መልሶ የኋለኛውን ትቶታል። ስለዚህ ድፍረቱን ያዢ፤ መብራቱን ተዪው።

ሁለተኛው ላይ ጠንከር ያለ ነገር ልንገርሽ፤ ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱበት ነውና። ጥለት፣ ጀበና፣ ጎጆ፣ የላሊበላ መስቀል ሽፋን ላይ የሚለጠፉት አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ኢትዮጵያዊ መሆኑ እንዳይጠረጠር ነው። ዘፈኑ በአማርኛ ነው፤ ስሟ በግዕዝ ፊደል ተጽፏል፤ ማን ይጠራጠራል? ጥለት የሸማኔ ሥራ ነው፤ በክር የሚቆጠር፣ በእጅ የሚሠራ፣ ከአካባቢ አካባቢ የሚለይ። ከኢንተርኔት አውርደሽ በካሬ ዙሪያ ስታዞሪው ይህን ሁሉ ጥለሽ መስመሩን ብቻ ትወስጂያለሽ። የጸዳል እናት ሽሮ ሜዳ ጥበብ ስትሸጥ ያሳደገቻት ቢሆንና ስለዚያ የምትዘፍን ቢሆን ኖሮ ጥለቱ የሽፋኑ ልብ በሆነ ነበር፤ ያኔም ሄደሽ ከእውነተኛው ጨርቅ ላይ በቅርበት ፎቶ አንሺው እልሽ ነበር። ለአሁኗ ጸዳል ግን አይሆንም። በተመሳሳይ ምክንያት አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስና በሌላው ሸክላ አሳታሚ በካይፋ የታተሙትን ሸክላዎች መልክ እንዲሁ መቅዳትም አይመከርም። ዐይን ለማሠልጠን ተመልከቻቸው፤ በተለይ ሸክላው መሃል ላይ ባለችው ክብ ወረቀት ላይ የአማርኛውና የላቲኑ ፊደል እንዴት ቦታ እንደሚካፈሉ አስተውዪ። ነገር ግን ያ መልክ የዚያ ዘመን ሙዚቃ ነው፤ የፋርማሲዋ ልጅ ከዚያ ጋር የሚያገናኛት ዘፈን ካልጻፍሽላት የተውሶ ልብስ ይሆንባታል።

ሦስተኛው ይተርፋል፤ እሱም ቢሆን እንዳለ አይደለም። በታክሲ መስኮት የምትታይ ልጅ አሁንም የማንም ናት። የጸዳል እንድትሆን አንድ ነገር ከዘፈኖቹ ወጥቶ ምሥሉ ውስጥ መግባት አለበት። ነጩ የፋርማሲ ጋዋን ታጥፎ ጭኗ ላይ ቢቀመጥስ? ማብራሪያ ሳይጨመርበት ከሥራ መልስ መሆኗን ይናገራል፤ ጨለማው ውስጥም ብርሃን የሚይዝ ነጭ ቦታ ይሰጥሻል።

አነሳሱን ትንሽ ላብራራው፤ የዚህ ሽፋን ዕድል የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና። የሚጓዝ ታክሲ ውስጥ አታንሺ። ባለቤቱን አስፈቅደሽ የቆመ ሚኒባስ ውሰጂ፤ ካሜራው ከውጭ ይሁን። መስታወት የሚሠራው በቀላል ሕግ ነው፦ ከፊቱ ያለው ነገር ጨለማ ከሆነ ውስጡን ያሳያል፤ ከፊቱ ያለው ብሩህ ከሆነ መልሶ ያንጸባርቀዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ከካሜራው ጎን ጥቁር ጨርቅ ወይም ጋቢ የሚያህል ጥቁር ብርድ ልብስ ዘርግቶ ይቁም። የጨርቁ ነጸብራቅ የሚያርፍበት የመስታወት ክፍል ጸዳልን ያሳይሻል፤ የቀረው ክፍል ደግሞ በማዶ ያሉትን የሱቅ መብራቶች ይይዛል። ጨርቁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በማንቀሳቀስ ብቻ ፊቷ በመንገዱ መብራት ውስጥ ምን ያህል እንደሚገለጥ አንቺ ትወስኛለሽ። በኮምፒውተር ሁለት ፎቶ ከመደራረብ ይህ እጅግ ይሻላል፤ ዐይን ልዩነቱን ያውቀዋል።

ሰዓቱ ፀሐይ እንደጠለቀች ያለው ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሲሆን መብራቶቹም በርተው ይቆያሉ። በእኛ አገር ድንግዝግዝታው አጭር ስለሆነ ቦታሽን በቀን ብርሃን አዘጋጅተሽ ጠብቂ። ውስጥ ለፊቷ አንዲት ትንሽ መብራት በቂ ናት፤ ከላይ ሳይሆን ከጎንና ከፊቷ ትይዩ አድርጊያት፤ ከላይ የመጣ ብርሃን የዐይኗን ጉድጓድ ያጠቁረዋል። በስልክ የምታነሺ ከሆነ ስልኩ ጨለማውን አይቶ ሁሉንም ሊያበራው ይሞክራል፤ ያኔ ነጩ ጋዋን ይነድና ዝርዝሩ ይጠፋል። ጣትሽን ፊቷ ላይ ተጭነሽ ብርሃኑን ቆልፊ፤ ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርጊው። አግድም፣ ሰፋ አድርገሽ አንሺ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

ወደ ፊደሉ ልምጣ፤ እኔ ከሁሉ የምሳሳለት ክፍል ይህ ነው። በመጀመሪያ በየትኛው ጸ እንደምትጽፊው ቁረጪ። «ጸ» ባለ እግር ናት፤ «ፀ» ክብ ናት፤ ከ«ዳ» እና ከ«ል» ጎን ሲቆሙ የሚሰጡት መልክ በጣም ይለያያል። አንዱን ከመረጥሽ በኋላ በፊተኛው ሽፋን፣ በጀርባ፣ በጠርዝና በሲዲው ገጽ ላይ ያው ይሁን። በኢንተርኔት ለሚወጣው ግን ሁለተኛውን አጻጻፍ በመግለጫው ውስጥ አስገቢ፤ ፈላጊ በየትኛው እንደሚጽፍ አይታወቅምና።

ጸዳል ሦስት ፊደል ብቻ መሆኗ መታደል ነው፤ ትልቅ መሆን ትችላለች። የውጭ ፖፕ ሽፋኖች ላይ የላቲን ትልልቅ ፊደላት ተራርቀው ሲደረደሩ አይተሽ ይሆናል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ እያንዳንዱም ፊደል ራሱን ችሎ የቆመ ነው። ስለዚህ አብዝተሽ ስታራርቂው ቃሉ ይበተንና ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ይሆናል። አጥብቀሽ ስታጠጋጊውም የፊደላቱ እግሮች ይጋጫሉ፤ ሌ እና ዬን በመሳሰሉት ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበትም ጎረቤቷን ትነካለች። ጸዳል ቀለበት ያለው ፊደል የላትም፤ በርእሱ ውስጥ ያለችው «ሥ» ግን በጭረቶቿ መካከል ትንፋሽ ትፈልጋለች።

ፎንት ስትመርጪ ክብደቱን፣ ማለትም የፊደሉን ውፍረት፣ እይ። ብዙዎቻችን ኮምፒውተር ላይ ያለው ኒያላ አንድ ክብደት ብቻ ነው ያለው። «ደማቅ» የሚለውን ስትጫኚ ፕሮግራሙ ፊደሉን በግድ ያወፍረዋል፤ ውስጡ ያለው ባዶ ቦታ ይደፈናል፤ ዳ እና ደ በሩቅ አይለዩም። አቢሲኒካም እንዲሁ አንድ ክብደት ነው፤ ውብ ነው፣ ለውስጠኛው የምስጋና ገጽ ይሆናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም በእውነት የተሠሩ ክብደቶች አሉት፤ ፈቃዱም ክፍት ነው። ፊደልን በወርድ መጎተት፣ ዙሪያውን በመስመር ማወፈር፣ ጥላ ማልበስ፣ እነዚህን ሁሉ እርሺያቸው።

ለዚህ ሽፋን ግን ከፎንት የሚሻል መንገድ አለ። የአዲስ አበባ ታክሲዎች ውስጣቸውም ውጫቸውም በስቲከር ጥቅሶች የተሞላ ነው፤ ከተለጣፊ ፕላስቲክ የተቆረጡ፣ ጠርዛቸው ጠንካራ የሆነ ፊደላት። «ጸዳል» የሚለውን ራስሽ በእርሳስ ንደፊው፤ ሁሉም ውፍረቱ እኩል፣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ፣ በመቁረጫ ማሽን ሊወጣ የሚችል አድርጊው። ስቲከር ቤት አስቆርጠሽ እውነተኛው መስታወት ላይ ለጥፊውና ከጸዳል ጋር አብረሽ ፎቶ አንሺው። ስሟ የሽፋኑ ተለጣፊ ሳይሆን የታክሲው አካል ይሆናል። የመንገዱ መብራት ከውጭ ሲመታው የፊደሉ ጥላ ጋዋኑ ላይ ያርፋል። ይህን ጥላ ማንም በኮምፒውተር አይሰጥሽም። ቀለሙንም ታክሲው ራሱ ያመጣልሻል፤ ሰማያዊና ነጭ ከምሽቱ ሰማይ ጋር ይስማማሉ። ከመጀመሪያው ረቂቅ ያቆየነውን ድፍረት እዚህ ላይ አውጪው፤ ፊደሉን በጋለ ብርቱካናማ አስቆርጪው። የአልበሙን ርእስ በአንድ መስመር ታች አስቀምጪ፤ ሌላ ጽሑፍ ፊት ለፊት አያስፈልግም።

ከጨረስሽ በኋላ ምሥሉን የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያህል አሳንሺና ሥራውን ላላየ ሰው ስልክሽ ላይ ለአፍታ አሳዪው። ስሙን ካነበበ አልፏል። ካላነበበ ፊደሉ ይተልቅ ወይም ዳራው ይቅለል።

ስለ ጀርባው ብዙ ተማሪ አያስብም፤ መምህራን ግን ብስለትን የሚለዩት እዚያ ነው። አሥራ አንድ ዘፈን፣ ለእያንዳንዱ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር፤ ሚክሲንግና ማስተሪንግ፤ የፎቶና የሽፋን ዲዛይን ባለቤት፤ የአሳታሚው ስም፤ የባር ኮድ ቦታ፤ በክበብ ውስጥ የሚጻፉት የሲ እና የፒ ምልክቶች ከነዓመተ ምሕረቱ። የመጀመሪያው ምልክት የንድፉንና የጽሑፉን መብት፣ ሁለተኛው የቅጂውን መብት ያመለክታል። ግጥሙን ሁሉ ጸዳል ከጻፈች አሥራ አንድ ጊዜ አትድገሚው፤ አንድ ቦታ ላይ «ግጥም በሙሉ፦ ጸዳል» ይበቃል፤ የሚለዋወጠውን ብቻ በየዘፈኑ ጻፊ። የግዕዝ ፊደል ቁመቱን ሞልቶ ስለሚቆም በመስመሮች መካከል ከላቲኑ የበለጠ ክፍተት ይፈልጋል። የፊደሉ መጠን ለዘፈን ርእስ 9 ነጥብ፣ ዝርዝሩ 7 ነጥብ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ6 በታች ግን አትውረጂ። ፎቶው ያው ታክሲ ሆኖ ወንበሩ ባዶ ሊሆን ይችላል።

መጠኖቹን በአጭሩ ላስቀምጥልሽ። የሲዲ የፊት ሽፋን 120 በ120 ሚሊሜትር ነው። የጀርባው 151 በ118 ሲሆን ከዚህ ውስጥ በግራና በቀኝ 6.5 ሚሊሜትር ጠርዝ ይታጠፋል፤ መደርደሪያ ላይ የሚነበበው ስም እዚያ ይጻፋል። ሲዲው ራሱ 120 ሚሊሜትር ስፋት፣ መካከሉ ላይ 15 ሚሊሜትር ቀዳዳ አለው፤ የፊቷ አፍንጫ እዚያ እንዳያርፍ። በሁሉም ዙሪያ ለመቁረጫ የሚሆን 3 ሚሊሜትር ትርፍ ጨምሪ፤ ጥራቱ በኢንች 300 ነጥብ ይሁን። ለኢንተርኔት መደብሮች 3000 በ3000 ፒክስል ካሬ አዘጋጂ። እነዚህ መደብሮች ሽፋን ላይ የድረ ገጽ አድራሻ፣ የማኅበራዊ ገጽ ስም ወይም ዋጋ የተጻፈበትን አይቀበሉም። በካሴት ዘመን ሙዚቃ ቤቱ ስሙንና ስልኩን ሽፋኑ ላይ ማሳተሙ የተለመደ ነበር፤ የድሮ ካሴቶችን ስታጠኚ ይህን ወስደሽ እንዳታስገቢ። የካሴቱ ሽፋን ቁመታም እንደነበረም አስታውሺ፤ የሰው ፊት ያን ያህል ሞልቶ የሚታየው ቅርጹ ስለሚመቸው ነው፤ ካሬ ላይ ስትወስጂው ይጣበባል።

የአገራችን አድማጭ በብዛት ሙዚቃ የሚሰማው በዩቲዩብ ነው፤ እዚያ ደግሞ ምሥሉ አግድም ነው። ካሬውን መሃል ላይ አስቀምጦ ግራና ቀኙን ማደብዘዝ ተለምዷል፤ ስንፍና ነው። ሰፋ አድርገሽ አንሺ ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ ከዚያው ፎቶ 1280 በ720 ፒክስል የሆነ ራሱን የቻለ ቅንብር ታወጪያለሽ። በስተቀኝ ታችኛው ጥግ ላይ የቪዲዮው ርዝመት ስለሚጻፍ እዚያ ምንም ፊደል አታስቀምጪ።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚሠራ ምሥል ጠይቀሻል። በመጀመሪያ መምህርሽን ጠይቂ፤ ከፈቀዱልሽም የትኛው ክፍል በምን እንደተሠራ ጽፈሽ አስረክቢ። የእኔ ምክር ለመጨረሻው ምሥል እንዳትጠቀሚበት ነው። አንደኛ፣ እነዚህ ፕሮግራሞች የግዕዝን ፊደል በአብዛኛው አበላሽተው ያወጣሉ፤ ፊደል የሚመስል ጭረት ይጽፋሉ። ዋናው ግን ችግርሽን የሚያባብሱ መሆናቸው ነው። «የፖፕ ድምፃዊት በታክሲ መስኮት» ብለሽ ስትጠይቂ የሚሰጡሽ ከብዙ ሰው ሥራ የተቀላቀለ አማካይ መልክ ነው፤ መምህርሽ «የማንም» ያሉት ደግሞ ይህንኑ ነው። ለፎቶው ቅንብር ቀድመሽ ለመሞከር ከሆነ ግን ወረቀትና እርሳስ ይፈጥናል።

ከኢንተርኔት ፎቶ አውርደሽ መጠቀምም አልመክርሽም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍንም ይጠብቃል። ለትምህርት ተብሎ የሚታለፍ ነገር ቢኖር እንኳ ሥራሽን ነገ በራስሽ ገጽ ለደንበኛ ስታሳዪው ነገሩ ሌላ ይሆናል። ጓደኛሽንም በጽሑፍ አስፈቅጃት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትንም ሆነ ማባዛትን ይከለክላል። ለክፍል፣ ለኤግዚቢሽንና ለኢንተርኔት መሆኑን ለይተሽ አስፈርሚያት፤ ወዳጅነታችሁም በዚህ ይጠበቃል። ጸዳል እውነተኛ ድምፃዊ እንዳትመስል ምሥሉን በኢንተርኔት ስታወጪው የኮርስ ሥራ መሆኑን ጻፊበት።

አራት ሳምንት ይበቃሻል። አንደኛውን ሳምንት በሙሉ ለዘፈኖቹ ስጪው፤ ጊዜ የባከነ ይመስልሻል፤ አልባከነም። ሁለተኛው ሳምንት ለፊደሉ ንድፍ፣ ለስቲከሩና ለፎቶው ነው፤ ዝናብ ወይም የታክሲው ባለቤት ሊያስተጓጉል ስለሚችል ሁለት ምሽት ያዢ። ሦስተኛው ለጀርባው፣ ለሲዲውና ለአግድሙ ምሥል ይሁን። በማብራሪያ ገጾችሽ ላይ የተጣሉትን ረቂቆች አስገቢና ድምፃዊቷ ለምን እንዳልተቀበለቻቸው በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፤ መምህርሽ ውሳኔሽን የሚያነቡት ከዚያ ነው።

በአራተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ የሙከራ ሕትመት አውጪ። ምሽት ላይ የተነሳ ፎቶ ስክሪን ላይ ካለው ጠቁሮ ነው የሚታተመው፤ ጥላው ውስጥ ያለውን ዝርዝር አስቀድመሽ ትንሽ አቅልይው። የጋለው ብርቱካናማም በአራቱ የሕትመት ቀለሞች ሲወጣ ይበርዳል፤ ቢጫውን ከፍ፣ ሰማያዊውን ወደ ዜሮ አድርገሽ ሞክሪው። ጀርባው ላይ ያሉት ትንንሽ ነጭ ፊደላት ከአራት ቀለም በተሠራ ጥቁር ላይ ካረፉ ቀለሞቹ በጥቂቱ ሲዛነፉ ይደፈናሉ፤ ከሥራቸው ያለውን ጥቁር በአንድ ቀለም ብቻ አድርጊው። ሕትመቱን ቆርጠሽ፣ አጥፈሽ፣ እውነተኛ የሲዲ መያዣ ውስጥ ከተሽ በቀን ብርሃን እዪው። ጠርዙ ላይ ያለው ስም በእጥፋቱ ከተቆረጠ ግማሽ ሚሊሜትር ወደ ውስጥ አስገቢና እንደገና አሳትሚው።